በኦምዱርማን በኩል ያለፉ ራሶች

ያደግሁት ጎንደር ነው፤ በድርቡሽ እየተስፈራራሁ። የሌላ ቤት ልጅ በጅብ ይስፈራራል። እኛ ቤት ግን ማታ ከደጅ አልገባ ያለ ልጅ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ድርቡሽ ይወስድሃል!» አያቴ ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። የእሷ አያት እህት በጥር 1880 ዓ.ም. ከተማው ሲቃጠል ተወስዳ ቀርታለች። ስሟን የሚያስታውስ እንኳ አልነበረም፤ «ያች ልጅ» ተብላ ነው የምትነሣው። ድርቡሽ ሰው ይሁን አውሬ ሳይገባኝ አደግሁ። በኋላ ትምህርት ቤት ሰው መሆኑን፣ የሱዳኑ ማህዲ ተከታይ መሆኑን ነገሩኝ፤ ፍርሃቱ ግን በአውሬ መልክ ቀርቶብኛል።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው በ2006 ዓ.ም. ካርቱም የገባሁት። ሱቅ አል ዓረቢ አጠገብ በአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ዕቃ መዝጋቢ ሆንኩ። ማደሪያዬ ጅሬፍ ነበር፤ ሐበሻ የሚበዛበት፣ ከዓባይ ዳር ያለ ሰፈር። እዚያ የጡብ ምድጃ ጭስ ከልብስ አይለቅም። ጡቡን የሚሠሩት ወንዙ በክረምት አምጥቶ ዳር ላይ ከሚተወው ደለል ነው። አንድ ክፍል የምንጋራው የጎጃሟ ደጀን ልጆች ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ይኼ የአባቴ ማሳ ነው፤ ኪራይ መክፈል የለብንም» ይሉ ነበር። አከራያችን ቀልዱ አልገባውም፤ ቢገባውም ኪራዩን አይተወውም።

በሱቃችን ዕቃ ቤቱን የሚይዙት አንድ የኦምዱርማን ሰው ነበሩ። ስልሳን አልፈዋል። ሁሉም «ዓም» ይላቸዋል፣ አጎት እንደማለት፤ እኔም እንደዚያው። እሳቸው እኔን «ያ ወለዲ» ነው የሚሉኝ፤ ልጄ። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ «ነገ ዓርብ ነው፤ ኦምዱርማን ወስጄ ደርቪሾቹ ሲዘክሩ ላሳይህ» አሉኝ። ቃሉን ስሰማ ሳልፈልግ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ጠየቁኝና ስለ አያቴ ነገርኋቸው። እሳቸው አልሳቁም። «ማህዲው ራሱ እኮ ቃሉን ከልክሏል» አሉኝ። «ተከታዮቹን ደርቪሽ ብሎ የሚጠራ እንዳይኖር አዘዘ። አንሷር በሏቸው፣ አጋዦች፣ አለ።» ያስፈራራኝ የነበረውን ስም ባለቤቱም እንደማይወደው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

በማግስቱ በሀፍላ ሄድን፤ ሚኒባሱን እዚያ እንደዚያ ነው የሚሉት። ነጩን ዓባይ የሚሻገረው የእንግሊዝ ዘመን የብረት ድልድይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ዓም በመስኮቱ ወደ ቀኝ ጠቆሙኝ፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት መቅረን። ወሩ ጥር ስለነበር የእኛ ወንዝ ጠርቶ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሌላኛው ወተት ጠብ ያለበት ውኃ ይመስላል። ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ ቶሎ አይቀላቀሉም። ድልድዩን እንደተሻገርን ከወንዙ ዳር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት አሮጌ የጭቃ ግንብ አለ። ዓም «ጣቢያ» አሉኝ። ለኔ ጆሮ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ለእነሱ ምሽግ። በቀዳዳዎቹ አንሷሮቹ የእንግሊዙን ጄኔራል የኪችነርን የጦር መርከቦች ይተኩሱባቸው ነበር።

ኦምዱርማን ከተማ የሆነችው በጥድፊያ ነው። ማህዲው መሐመድ አሕመድ በጥር 1877 ካርቱምን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እዚሁ ኦምዱርማን ሞተ። ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ ከዳርፉር ከብት አርቢዎች የተወለደ ሰው ነው። ካርቱምን የቱርክና የግብፅ ከተማ ናት ብሎ አስለቀቃት፤ ሕዝቡ በሩንም መስኮቱንም እየነቀለ ወንዙን ተሻገረ። የኸሊፋው ቤት በ1920 ዓ.ም. ሙዚየም ሆነ። ሲገቡበት ቤተ መንግሥት አይመስልም። ጠባብ ጓዳዎች፣ ዝቅ ያለ በር፣ አሸዋ የለበሰ ግቢ፣ የገላ መታጠቢያ ክፍል። እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጦ ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ ዳርፉር መግዛት ይቻላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። የጎንደር ግንብ ያየ ሰው ደግሞ ትንሽ ይንቃል፤ እኔም ንቄ ነበር፣ አልዋሽም።

ንቀቴን ያቆመው ጂባው ነው። ጂባ አንሷሮቹ የሚለብሱት እጀ ጠባብ ነው፤ ነጭ ጥጥ ላይ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ ጨርቅ በአራት ማዕዘን ተጥፎበታል። መጀመሪያ ጥፉ የእውነት ነበር፤ የድሃ ልብስ ሲቀደድ የሚለጠፍ። በኋላ የሥርዓቱ ልብስ ሆነና ያልተቀደደውም ላይ ይጠፍ ጀመር፤ ለአለቆች ደግሞ ልክ በልክ፣ አምሮ። በመስታወቱ ውስጥ የተሰቀለው ጂባ ደረቱ ላይ ግን አንድ ያልተጠፈ ቀዳዳ አለ። ጥይት ይሁን ብል ማንም አልጻፈበትም። ዓም ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። እጄን ኪሴ ከትቼ አጠገባቸው ቆምኩ። አያቴ የምትፈራው ሰው ልብሱን የሚጥፍ ሰው መሆኑን አልነገረችኝም።

በዚያ ግቢ ሳለሁ በሐሳቤ የመጣው ሩዶልፍ ስላቲን ነው። ኦስትሪያዊው ስላቲን በግብፅ መንግሥት ሥር የዳርፉር ገዢ ነበር። ተማርኮ ከአሥር ዓመት በላይ በማህዲዎቹ እጅ ቆየ፤ የኸሊፋው በረኛ ሆኖ አገለገለ፤ በ1887 ዓ.ም. አምልጦ መጽሐፍ ጻፈ። ካርቱም በወደቀች ዕለት በሰንሰለት ታስሮ ኦምዱርማን ሰፈር ውስጥ ተቀምጧል። ወታደሮች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡና ፊቱ ፈቱት። ካርቱምን ይከላከል የነበረው የእንግሊዙ ጄኔራል የጎርደን ራስ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ የማይቆሙበት ነገር አለ። ያ ራስ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1872 ዓ.ም. መግቢያ፣ ደብረ ታቦር ላይ ከአፄ ዮሐንስ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ጎርደን ያኔ የሱዳን ገዥ ነው፤ ስለ ቦጎስ ሊደራደር መጣ። ንጉሡ ግብፅ የወሰደችውን አገር መልሱ አሉ፤ ጎርደን የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ስምምነት ሳይኖር ተለያዩ፤ ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ ተንገላታና በምጽዋ በኩል ወጣ። ሁለት ግትር፣ ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ከእጃቸው የማይለይ ሰዎች ናቸው። በአራት ዓመት ልዩነት የሁለቱም ራስ አንድ ከተማ ገባ። አማርኛችን ራስን ማዕረግም አድርጎታል፤ ደጃዝማች ሲያድግ ራስ ይባላል። በኦምዱርማን የቃሉ ሌላኛው ትርጉም ብቻ ነው የሠራው።

የዮሐንስ ራስ እዚህ እንዴት ደረሰ? ነገሩ የሚጀምረው ከግንቦት 1876ቱ የዓድዋ ውል ነው። እንግሊዞች በማህዲዎች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመኑ፤ በምላሹ ቦጎስን እንመልሳለን፣ በምጽዋ በኩልም ዕቃ በነፃ ይገባላችኋል አሉ። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። እንግሊዞች ግን ዓመት ሳይሞላ ጣሊያንን ምጽዋ ላይ አስቀመጡት። በመስከረም 1878 ራስ አሉላ ኩፊት ላይ የማህዲዎቹን አዛዥ ዑስማን ዲግናን ድል አደረጉ። ያ ሁሉ ደም ለማን ፈሰሰ ቢባል፣ ለእንግሊዝ ነው እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይከራከር። በጥር 1880 የኸሊፋው የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሺህ ሰው፣ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፣ ወደ ሱዳን ተነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ጎንደሬ ንቦች አተረፏት ይላል፣ እኔም ጎንደሬ ነኝ።

ይህን ሁሉ ለዓም ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እሳቸው አንድ ነገር አስታወሱኝ። በ1881 መጀመሪያ አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ድሆች በከንቱ ለምን ይለቁ፣ የሁላችን ጠላት ፈረንጅ ነው፣ እሱ ሁላችንንም ሊያጠፋ ይመጣል፣ አንድ ሆነን እንቁም የሚል ነው። አቡ አንጃ በስድብ መለሰላቸው። «ያ ደብዳቤ» አሉ ዓም፣ «በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆን…» ቀሪውን አልተናገሩም፤ ከንፈራቸውን ብቻ መጠጡ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 መተማ ላይ የኢትዮጵያ ጦር የእሾሁን አጥር ሰብሮ ገባ፤ ድሉ በእጁ ሊገባ ሲል ንጉሡ ተመቱ። በማግስቱ ሞቱ። አስከሬናቸው በሣጥን ሆኖ ወደ ትግራይ ሲጓዝ የማህዲዎቹ አዛዥ የዘኪ ጠማል ሰዎች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። አጎታቸው ራስ አርአያ ሬሳውን ትቼ አልሄድም ብለው እዚያው ወደቁ ይባላል። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን መጣና ለሕዝብ ታየ። ዘኪ ጠማልም ቢሆን ብዙ አልደላውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኸሊፋው ጠርጥሮት ድንጋይ ክፍል ውስጥ ዘግቶ በረኃብ ገደለው።

ረኃብ ካልሁ ዘንድ፦ ያ ራስ የገባበት ዓመት በሂጅራ 1306 ነው። ሱዳኖች እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ» ይሉታል፣ የስድስቱ ዓመት። እህሉ አለቀ፤ ሰው ቆዳ ቀቅሎ በላ። እኛ ክፉ ቀን የምንለውም ያኔ ነው የጀመረው፤ በሬው በበሽታ አለቀ፣ አንበጣ መጣ። በድንበሩ በደም የተጣሉት ሁለቱም አገሮች በአንድ ጊዜ የሚቀብረው ሰው ያጣ ሬሳ በየመንገዱ ነበራቸው። ዓም የስድስቱን ዓመት ከእናታቸው ነው የሰሙት፤ እኔም ክፉ ቀንን ከአያቴ። ሁለቱም ሴቶች ቁራሽ እንጀራና ኪስራ መሬት ሲወድቅ አንሥተው ይስሙ እንደነበር ስናወራ፣ ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው አሉን።

ከሙዚየሙ ፊት ለፊት የማህዲው መቃብር ነው፤ ብርማ ጉልላት፣ ከላዩ ጨረቃና ጦር። አዲስ ይመስላል፤ አዲስም ነው። የመጀመሪያውን ኸሊፋው ነው ያሠራው። በነሐሴ 1890 የኪችነር መድፎች ጉልላቱን በሱት። ከጦርነቱ በኋላ ኪችነር መቃብሩ እንዲፈርስ አዘዘ፤ ሥራውን የመራው መኮንን የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነበር። አጽሙ ወጥቶ ዓባይ ውስጥ ተጣለ። ራሱ ግን አልተጣለም፤ ኪችነር አስቀረው። ለንደን ወሬው ሲደርስ ንግሥት ቪክቶሪያ ተቆጡ፤ የማህዲውም ራስ ወደ ዋዲ ሐልፋ ተወስዶ በምሽት ተቀበረ። ዛሬ የሚታየውን ሕንፃ ከሞት የተረፈው የማህዲው ልጅ ሰይድ ዓብዱ ራሕማን በ1939 ዓ.ም. አሠራው።

ዓም መቃብሩ ደጅ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ እኔ ከደጅ ቆየሁ። ሲወጡ «የእናንተን ንጉሥ ራስ እዚህ አምጥተን አሳየን» አሉኝ። «ዘጠኝ ዓመት አልፎ ሌላ መጣና የእኛን ወሰደ።» እንደ ይቅርታ አላሉትም፤ እንደ ሒሳብም አይመስለኝም። ጫማቸውን ሲያደርጉ ተደግፈውኝ ነበር፤ ክንዴን ትንሽ ዘግይተው ለቀቁት። ማምሻውን ሐመድ አል ኒል መቃብር ዘንድ ሄደን ከበሮውንና አረንጓዴና ቀይ የለበሱትን ደርቪሾች አየን። ደስ ይላሉ። አያቴ ብታያቸው ግን ትሮጣለች።

ወደ ጦር ሜዳው ወደ ከረሪ የሄድነው በሌላ ዓርብ ነው። ከኦምዱርማን ወደ ሰሜን፣ ጀበል ሱርጋም የሚባል ኮረብታ አለ። ጀበል ማለት ተራራ ነው። ከእኛ አገር ሆኖ ቢሆን ስም አይወጣለትም ነበር፤ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ጉብታ ነው። ሆኖም ከላዩ ሲቆሙ ሜዳው ሁሉ እስከ ዓባይ ይታያል። ነሐሴ 28 ቀን 1890 ጠዋት ኸሊፋው ወደ ሃምሳ ሺህ የሚደርስ ጦሩን በዚህ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ለቀቀው። ሌሊት ግጠም ያሉት አማካሪዎች ነበሩ፤ አልሰማም። ኪችነር ዓባይን ጀርባው አድርጎ መትረየስና መድፍ ደግኖ ይጠብቃል። ያን ዕለት ከአሥር ሺህ በላይ ሱዳናዊ ሞተ፤ ከወዲያ ወገን የሞተው ሃምሳ አይሞላም። ኮረብታው አናት ላይ ሆኖ ሲመጡ ያየ አንድ የ23 ዓመት መኮንን ነበር፤ ዊንስተን ቸርችል። ስለ መቃብሩ መፍረስ ኪችነርን በመጽሐፉ ነቅፏል፤ የሰው አመል ብዙ ነው።

ዓድዋ ከሆነ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነበር። አፄ ምኒልክና ኸሊፋው በዚያ መካከል መልእክተኛ ይላላኩ ጀምረው ነበር፤ ዮሐንስ ያሉት ነገር ዘግይቶ ገብቷቸው። ኸሊፋው በኅዳር 1892 ዑም ዲወይከራት ላይ መሸሻ ሲያጣ ከፈረሱ ወርዶ አጎዛው ላይ ተቀምጦ ሞቱን ጠበቀ። ስለዚህ አሟሟት ጎንደር ውስጥ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ኮረብታው ላይ ፎቶ ሳነሳ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መጣና ስልኬን ተቀበለኝ። አካባቢው የተከለከለ ነው አለ። ዓም ግማሽ ሰዓት ለመኑልኝ፤ ፎቶው ጠፍቶ ስልኩ ተመለሰ። ስለዚህ ከረሪን በዓይኔ እንጂ በስልኬ አላውቀውም።

በመመለሻችን ዓም ለምሳ ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ። ፉል፣ ኪስራ፣ በመጨረሻ ጀበና ቡና፤ ዝንጅብል ይበዛበታል እንጂ ጀበናው ጀበና ነው። ከጓዳ የምራታቸው ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃን ታባብላለች። «እሽሩሩ» ስትል ስኒውን አስቀመጥሁ። ዓምን ጠየቅሁ። «የቤታችን ነው» አሉ፤ «እናቴም እንዲሁ ትል ነበር፤ ትርጉሙን አናውቅም።» የእናታቸው አያት ማካዳ ነበረች አሉኝ፤ የድሮ ሰዎች ለሐበሻ የሰጡት ስም ነው። እኔ ወዲያው ወደ «ያች ልጅ» ላስኬደው አልፈለግሁም። ኦምዱርማን ውስጥ ሐበሻ ሞግዚት መቼ ጠፍታ ያውቃል? ቃሉ ትናንት የገባ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሁለተኛውን ቡና ስጠጣ ምራታቸው ከጓዳ ወጥታ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ እስኪተኛ ድረስ አላወረድሁትም።

ያ አገር የእኛንም ንጉሥ አስጠግቷል፣ በበጎ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ክረምት ካርቱም ገብተው ተቀመጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ባንዲራቸውን ተከሉ። አብሯቸው የገባው ኦርድ ዊንጌት ነው። የአባቱ የአጎት ልጅ ሬጂናልድ ዊንጌት በከረሪ የኪችነር የስለላ አለቃ ነበር፤ የስላቲንንም መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ያወጣው እሱ ነው። እነዚህ ቤተሰቦች ከሱዳን በር አይጠፉም።

ከካርቱም ያስወጣኝ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። ለእኛ ቅዳሜ ሹር ነበር፤ ለእነሱ የረመዳን መጨረሻ። ጅሬፍ ውስጥ ዶሮው ታርዷል፣ ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ ነው፤ ከዚያ ተኩስ። ዶሮውን ማን እንደበላው አላውቅም። ዓምን በስልክ ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከኦምዱርማን አልወጣም አሉኝ። እኔ በወድ መዳኒ፣ በገዳሪፍ አድርጌ ገላባት ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ትንሽ ድልድይ ነው፤ ወዲያ ማዶ ከተማው መተማ ዮሐንስ ይባላል።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ አንዲት የኦምዱርማን ሴት ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ቆማለች። ከማዶ የመኪና ረዳቶች «ዮሐንስ! ዮሐንስ! ጎንደር!» እያሉ ይጣራሉ። ዞር ብላ በአረብኛ «ዮሐንስ የምን ስም ነው?» አለችኝ።

«የንጉሥ ነው» አልኋት። «ድሮ አንድ ጊዜ ኦምዱርማን መጥቶ ነበር።»

«ወደዳት?» አለች።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሻንጣዋን አነሣሁላት።